«በሞቴ ብላ!» የማይገባው ጨቅላ ዘንዶ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን የሰማሁት መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። ደዋይዋ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ነች። ድምጿ ሰልሏል። «ምነው? ማን ሞተ?» አልኳት ደንግጬ። «ማንም አልሞተም፤ ግን ሊሞት ነው። እህል በአፉ ካልዞረ አምስት ሳምንቱ!» አለችኝ። ልጇ መሰለኝ። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ገና አስራ አንድ ዓመቱ። ልቤ ቀጥ አለ። «ሐኪም ቤት ወሰድሽው?» ስላት…

«ኧረ እሱን አይደለም! ዘንዶውን ነው!» ብላኝ እርፍ።

እናንተዬ፣ እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። የእኛ ሰው እባብ ሲያይ የሚያስበው ስለ ዱላ እንጂ ስለ ምሳው አይደለም። በእነሱ አገር ግን እባብ ልክ እንደ ድመት ቤት ውስጥ ይለመዳል። ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይራባል፣ ስም ይወጣለታል። ልጁም ለልደቱ ከዘመድ አዝማድ የተሰጠውን ገንዘብ አጠራቅሞ፣ እናቱን ለወራት ጨቅጭቆ፣ አንድ ጨቅላ ዘንዶ ገዛ። ዝርያው «ቦል ፓይተን» ይባላል። ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሃል አድርጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ይህን ስም ያገኘው። መርዝ የለውም። ሲያድግም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ሰው የሚውጠው ዓይነት ግዙፍ ዘንዶ እንዳይመስላችሁ። ደግሞ ፈረንጅ አገር ይለመድ እንጂ ትውልዱ የእኛው አፍሪካ ነው። ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን… ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ ለእነዚህ ዘንዶዎች የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰው ያከብራቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቅሁባት። በማግስቱ ግን ልጁ ራሱ በቴሌግራም ደወለልኝ። በተሰባበረ አማርኛው ሁሉን ዘረዘረልኝና በመጨረሻ «ከሞተ እኔ ነኝ የገደልኩት አይደል?» ሲለኝ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እንግዲያው ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም ብዬ፣ አርቢዎችና የእንስሳት ሐኪሞች የሚሉትን ማንበብ፣ ከእነሱም ጋር በየቀኑ መደዋወል ጀመርኩ። እናንተም ውጭ አገር እንዲህ ዓይነት «እንግዳ» ቤቱ ያስገባ ወንድም ወይም እህት አታጡምና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ከግዢው ልጀምር። ሻጩ «በደንብ ይበላል» ብሎ ነው የሸጠው። የት፣ መቼ፣ ምን እንደበላ ግን ማንም አልጠየቀውም። ሰው ጫማ ሲገዛ እንኳ ለክቶ ነው! የእባብ ጫጩት ሲገዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቀለሙ ማማር ሳይሆን ስለ ሆዱ ነው። ጨዋ አርቢ የእያንዳንዱን ጫጩት አመጋገብ በወረቀት ይመዘግባል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ራሱ የበላ፣ የበላውም ምን እንደሆነ፣ ሞቶ የቀረበለት ይሁን በሕይወት ያለ፣ የተጻፈለት ጫጩት መግዛት ግማሹን ጭንቀት ይቀንሳል። አንዳንዱ ሻጭ ጫጩቱ ገና የመጀመሪያ ቆዳውን ሳይጥል ያወጣዋል። ቦል ፓይተን ከእንቁላል ሲወጣ በሆዱ ውስጥ የአስኳል ስንቅ ይዞ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪጥል ምግብ አይፈልግም። በዚያ ጊዜ ዝም ስላለ «ታመመ» ማለት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ስንቁ አልቆም ዝም ሲል ነው።

ታዲያ የኛዎቹ ምን አደረጉ? ያው እንደ ሐበሻ ነዋ! እንግዳ አልበላም ሲል እኛ ምን እናደርጋለን? «በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ! ይቺን ብቻ!» እንላለን። እነሱም በየቀኑ ያቀርቡለታል። ጠዋት አይጥ፣ ማታ አይጥ። እምቢ ሲል አውጥተው ያሻሹታል፣ ያባብሉታል። ልጁ ጓደኞቹን እየጠራ ያሳየዋል። ማደሪያው ትልቅ የመስታወት ሣጥን ነው፤ የተቀመጠው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ! ከላይ አምፖል በርቶበታል። እናትየው «ትንሽ ልጅ ስለሆነ ለስለስ ያለ ይሁንለት» ብላ የምታቀርብለት ደግሞ ገና የተወለደች፣ ጸጉር ያላወጣች፣ ጣት የምታክል ቀይ አይጥ ነው። ሁሉም በፍቅር የተደረገ ነው… ሁሉም ግን ስህተት ነው።

ይህ ፍጡር በትውልድ አገሩ የሚውለው አይጥ በቆፈረው ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው። ጠባብ፣ ጨለማ፣ ሞቃት ቦታ፤ ጀርባውም ጎኑም ግድግዳ ነክቶለት። ትልቅ ብርሃን ያለበት መስታወት ውስጥ ስታስቀምጠው ጫጩቱ የሚያስበው ስለመብላት ሳይሆን ስለመበላት ነው። ከላይ የምትመጣ እጅም ለእሱ እጅ አይደለችም፤ ጭልፊት ነች። ፈሪ ደግሞ አይበላም።

ሙቀቱስ? እባብ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ከአካባቢው ነው የሚበደረው። ቦል ፓይተን አንደኛው የማደሪያው ጫፍ 31 ወይም 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሆነለት፣ ቢውጥ እንኳ ሆዱ አይፈጭለትም። ምግቡ ውስጡ ይበላሽና ይተፋዋል። ሌላው ጫፍ ደግሞ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ ሲሞቀው እንዲሸሽ። ልጁ በነገርኩት መሠረት ቴርሞሜትሩን ወለሉ ላይ፣ ዘንዶው በሚተኛበት ቦታ ሲያስቀምጠው 26 ዲግሪ አሳየው። ለካ እስከዛሬ የሚያነቡት መስታወቱ ላይ ከፍ ብሎ የተለጠፈውን ኖሯል! በዚያ ላይ የቨርጂኒያ የጥቅምት ሌሊት እየበረደ ነው።

አክስቴ፣ ማለትም የልጁ አያት፣ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ወደ አሜሪካ ከሄዱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዘንዶ ቤት ሲገባ ሁለት ቀን ከመኝታ ቤታቸው አልወጡም ነበር አሉ። ይሁንና በዚህ ነገር ከሁሉም በላይ የገባቸው እሳቸው ሆነው ተገኙ። «እኔ እዚህ አገር ስመጣ መች በላሁ?» አሉኝ በስልክ። «አንድ ወር ሙሉ ሻይና ዳቦ ብቻ! ይቺ ልጅ ደግሞ ‹እማዬ በሞቴ፣ እማዬ በሞቴ› እያለች አፌ ድረስ ስታመጣልኝ ጭራሽ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ተዉት! ፊቱ ላይ አትደቀኑበት። ይልመድ።» አንድም መጽሐፍ ሳያነቡ አርቢዎቹ የሚሉትን ነው የተናገሩት።

ነገር ግን መተው ብቻውን አይበቃም፤ እስከ መቼ እንደሚተው ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የልጁ ብልህነት አዳነን። ገና ከመጀመሪያው ቀን በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘነ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። የገባ ዕለት 62 ግራም። በአምስተኛው ሳምንት 57። ብዙ ጠባቂዎች የሚጠነቀቁት ከክብደቱ ከአስር አንድ እጅ ሲቀንስ ነው። ለዚህኛው መስመሩ 55.8 ግራም ላይ ይወድቃል ማለት ነው። የቀረው አንድ ግራም ከምናምን ነው! አንድ ግራም ስንት ነች? የሽሮ ቁንጥር አትሞላም።

እናትየው በዚህ ጊዜ ነው የተሸበረችው። አንድ የሥራ ባልደረባዋ «አፉን በካርድ ከፍተሽ ክተችለት» ብሏታል። እኔም በየዋህነቴ «ታዲያ ማጉረስ ነው» ልል ነበር። ጉርሻ ለእኛ ፍቅር ነው አይደል? ለእባብ ጫጩት ግን ሞት ሊሆን ይችላል። መንጋጋው እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ይሰበራል። ጉሮሮው ይቀደዳል። ቢተርፍ እንኳ ምግብ ማለት ስቃይ መሆኑን ይማርና ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይነካም። በእጅ ማጉረስ የመጨረሻ መጨረሻው መላ ነው፤ እሱም በሚያውቅ ሰው እጅ። ስለዚህ የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ አፉ ውስጥ ቁስልና መግል ፈለገ፣ ቅርፊቱ መሃል የሚደበቁትን ጥቃቅን ተባዮች ፈለገ፣ አተነፋፈሱን ሰማ። ምንም የለም። «ጡንቻው አሁንም ጠንካራ ነው፤ ከ56 በታች ከወረደ አምጡት፣ እስከዚያ ግን እጃችሁን ሰብስቡ» ብሎ ሸኛቸው።

ትልቁ መስታወት ከሳሎን ወጣ። በምትኩ የጫማ ሣጥን የሚያህል፣ ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ በልጁ መኝታ ቤት ጸጥ ያለ ጥግ ተቀመጠ። ከአንደኛው ጫፍ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ጭምር። ቴርሞስታት የሌለው ማሞቂያ የእባቡን ሆድ ይጠብሳል፤ ቤትም ያቃጥላል፣ በዚህ ቀልድ የለም። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም በኩል ሁለት ጠበብ ያሉ መደበቂያዎች፣ ገብቶ ሲጠመጠም ዙሪያው የሚነካው ዓይነት። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ። ከዚያ… ሰባት ቀን ማንም እንዳይነካው፣ እንዳይከፍተው፣ እንዳያየው ታዘዘ። ለአስራ አንድ ዓመት ልጅ ይህ ከጾም የባሰ ነው። አያትየው ግን በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሙ።

አይጡም ተቀየረ። ጸጉር የሌላት ጨቅላ ለቦል ፓይተን ጫጩት በጣም ታንሳለች፤ ብዙዎቹ እንደ ምግብም አይቆጥሯትም። ትክክለኛው መጠን የዘንዶው ወገብ ከሚወፍርበት ቦታ ጋር የሚመጣጠን ነው። ለዚህኛው ጸጉር ያወጣች፣ ዓይኗን የከፈተች፣ ሰባት ስምንት ግራም የምትመዝን አይጥ። በሕይወት ያለች መስጠት አይመከርም። የአይጥ ጥርስ ቀላል አይደለም፤ ያልራበው ዘንዶ ዝም ሲላት እሷ ትበላዋለች! የሚሸጡት ሞተው የበረዱ ናቸው። ሌሊቱን በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ በሕይወት ያለች አይጥ ያህል፣ 38 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ይፈነዳል፤ እንዳትሞክሩት። ለምን ይሞቃል ካላችሁ፣ የዚህ ዘንዶ ከንፈር ላይ ሙቀት የሚያዩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። በጨለማ አይጥን የሚያውቃት በሙቀቷና በሽታዋ ነው። የቀዘቀዘች አይጥ ለእሱ ድንጋይ ነች።

በስምንተኛው ቀን ምሽት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጁ በረጅም ወረንጦ አይጧን ከመደበቂያው በር ፊት አንጠለጠለ። በቀጥታ ፊቱ ላይ አይደለም፤ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ የምትሄድ አስመስሎ። ዘንዶው ምላሱን አንዴ ሁለቴ አወጣ… ጭንቅላቱን መለሰና ተኛ። እንደተመከረው እዚያው በሩ ላይ ትቶለት አደረ። ጠዋት አይጧ እንደተኛች ነች፤ ተጣለች። አምስት ስድስት ቀን ተጠበቀ። ሁለተኛው ሙከራ፤ እሱም እምቢ። በማግስቱ ልጁ የመዘነውን ቁጥር አልነገረኝም፤ የደብተሩን ፎቶ ብቻ ላከልኝ። 56 ይላል።

ያን ሌሊት እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ትስቁብኛላችሁ። የእኛ ተረት ዘንዶ፣ ንጉሡ አርዌ፣ መርዝ የጠጣ ፍየል ሲቀርብለት ዋጥ አድርጎ ነው የሞተው ይባላል። ይሄኛው ደግሞ ንጹሕ አይጥ እየቀረበለት ባለመብላት ሊሞት!

ያነበብኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እምቢተኛ የቦል ፓይተን ጫጩቶች የላቦራቶሪ ነጭ አይጥ አንበላም ሲሉ፣ አርቢዎች በትውልድ አገራቸው የሚበሉትን የአፍሪካ አይጥ ሽታ ይሰጧቸዋል። ይህች አይጥ በሳይንስ ማስቶሚስ ትባላለች። የአንዳንዷ ጡት እስከ 24 ይደርሳል፤ ለዚህም ነው እንደ ጉድ የምትራባው። አሜሪካ ውስጥ ለእባብ ምግብ ተብላ ትረባለች። ይህንን ለልጁ ነገርኩት፤ እናቱም ከአንድ አርቢ የማስቶሚስ ማደሪያ ውስጥ የነበረ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ለምና አመጣች። አዎ፣ ሽንት የነካው፣ የሚሸት ጉዝጓዝ! አይጡን ብቻ አላመጣችም፤ ዘንዶው እሱን ከለመደ ሌላ አልበላም ሊል ይችላላ።

ይህን ሲሰሙ አያትየው ምን እንዳሉ ልንገራችሁ። የአይጧን ፎቶ አይተው «ይቺማ የጎተራዋ ነች! የገጠሯ!» አሉ። አልተሳሳቱም፤ የማስቶሚስ ዘሮች በእኛም አገር ማሳና ጎተራ የገበሬ ጠላት ናቸው። «እኛ ስናሳድዳት የኖርነውን በዶላር ይገዛሉ እንዴ?» ብለው ግማሽ ቀን ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉና «ለካ የአገሩ ሽታ ነው የናፈቀው» አሉ።

በሃምሳ አራተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ። የሞቀችው ነጭ አይጥ በዚያ ጉዝጓዝ ታሸች። ልጁ ወረንጦውን ዘረጋ። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። የዘንዶው ምላስ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ… ከወትሮው ፈጠን አለ። አንገቱ እንደ ቀስት ተሰበሰበ። ከዚያ ልጁ ያየው ነገር የለም፤ ወረንጦው ብቻ እጁ ላይ ቀለለው። ዘንዶው አይጧን ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞባት ነበር። ማንም አልተነፈሰም፤ በዚህ ሰዓት አንድ ጩኸት ቢሰማ ጥሎ ሊደበቅ ይችላል። ከቆይታ በኋላ ፈታ አለ፣ በአፍንጫው ዳበሳት፣ ጭንቅላቷን ፈልጎ አገኘ፣ ከዚያ በኩል መዋጥ ጀመረ። እኔ ጋ ሊነጋ ሲል ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ፦ «በላ»። ሁለት ፊደል ብቻ፤ የተጻፈውም በአማርኛ ነው። ልጁ አማርኛ ጽፎልኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አልተነካም፤ ከምግብ በኋላ ካንገላቱት ይተፋል። በሳምንቱ ጉዝጓዙ ትንሽ ብቻ ነካ ተደረገና በላ። በሦስተኛው ሳምንት ያለ ምንም ሽታ፣ ተራ አይጥ፣ ወረንጦው ገና ሳይወርድ!

ይህ መላ ግን ለሁሉም እባብ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካው የበቆሎ እባብ ጫጩት ሲወለድ ጥቂት ግራም ነው፤ ለእሱ ትክክለኛዋ ምግብ ያችው ጸጉር የሌላት ቀይ አይጥ ነች። በዱር ሳለ ግን ትናንሽ እንሽላሊትና የዛፍ እንቁራሪት ስለሚበላ፣ አንዳንዱ አይጥን አያውቃትም። አርቢዎች አይጧን አጥበው የእንሽላሊት ሽታ ያሹባታል፤ ወይ ጭንቅላቷን ሰንጥቀው አንጎሏ ትንሽ እንዲወጣ ያደርጋሉ። የሚያስጠላ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ይሠራል። ከዚያ ጫጩቱን ከአይጧ ጋር በትንሽ የተበሳሳ ኩባያ አንድ ሌሊት ዘግቶ መተው ነው። አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰው «ሆግኖዝ» የሚባለው ደግሞ ጉርጥ ወዳድ ነው፤ አንዳንዱ የጉርጥ ሽታ ካላገኘ ንቅንቅ የለም። ከሜዳ የተያዘ እንሽላሊትና ጉርጥ ግን ጥገኛ ትል ሊያመጣ ስለሚችል በጥሬው አይሰጥም። ጥሬ ሥጋ፣ እንጀራ፣ «እባብ ወተት ይወዳል» የሚባለው ወሬ… ይሄን ሁሉ እርሱት። እባብ አጥንቱንም ጉበቱንም ከነጸጉሩ ነው የሚፈልገው።

ደግሞ አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ከጫካ እባብ ይዛችሁ «ላለምድ» እንዳትሉ! የማታውቁት እባብ መርዘኛ ሊሆን ይችላል፤ የዱር እባብ ተይዞ አልበላም ማለቱም የታወቀ ነው። እኔ የማወራው በሰው እጅ ተራብቶ፣ በሰው እጅ ስለተወለደ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ በአክስቴ ልጅ ቤት ትልቁ ጠብ የተነሳው በእሱ ነውና። የሞቱት አይጦች የት ይቀመጡ? መጀመሪያ ከቤርቤሬውና ከዶሮው ጋር ፍሪዘር ውስጥ ነበሩ። አያትየው ሲያዩ «ወይ እኔ ወይ አይጥ!» አሉ። እናትየው ከላስቲክ በላይ ላስቲክ አድርጋ ልታግባባቸው ሞከረች። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም ግን ከአሮጊቷ ጎን ነው። ተሳቢ እንስሳትና የሚመገቧቸው አይጦች ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ፤ በረዶም አይገድለውም። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በብርቱ ይታመሙበታል። አክስቴ ደግሞ 71 ናቸው። ስለዚህ ከሰው ምግብ ጋር ማስቀመጥ፣ የዘንዶውን ዕቃ በወጥ ቤት ገንዳ ማጠብ፣ ነክቶ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ መቀመጥ… ክልክል ነው። አንዲት ትንሽ ፍሪዘር ተገዝታ ጋራዥ ገባች። ልጁ የላከልኝ የመጨረሻ ፎቶ የእሷ ነው። በሯ ላይ አያትየው በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት ይታያል፦ «የእሱ ነው። ማንም አይንካ።» ከሥሩ ደግሞ ልጁ በእርሳስ የጨመረው ቁጥር አለ፦ 74 ግራም።